የጠፉት ስድስት ትእዛዞች

ሆሳዕና ውስጥ ጵርስቅላ ኤሊያስን የማያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። ማመልከቻ ያስጻፈባት፣ የሠርግ ጥሪ ያስመታባት፣ «እባክሽ ዛሬውኑ» ብሎ የለመናት ሁሉ አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ ጣቷ ፈጣን ነው፣ አፏም ከጣቷ አያንስም። የዶዮገና ልጅ ናት። ቤቷ ከምባትኛ ተናግራ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ተምራ፣ አዲስ አበባ አንድ ዓመት የጽሕፈት ሥልጠና ወስዳ ነው ሆሳዕና የገባችው። አማርኛዋ ዛሬም የደጋው ቃና አልለቀቀውም። የሥራ ባልደረቦቿ በቃናዋ ሲስቁ አብራ ትስቃለች፤ ከዚያ እነሱ ያረቀቁትን ደብዳቤ አውጥታ ስህተቱን አንድ በአንድ ታነብላቸዋለች።

ይህ ግትርነት ከሰማይ አልወረደባትም። አባቷ አቶ ኤሊያስ ወንጌላዊ ነበሩ። አብዮቱ በፈነዳ በአራተኛው ዓመት በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ግራ እጃቸውን አንሥተው መፈክር እንዲያሰሙ ሲታዘዙ፣ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ከተው ዝም ብለው ቆሙ። ሦስት ወር ታሰሩ። ተፈትተው በሚቀጥለው ስብሰባ ሲገኙም እጃቸው እዚያው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። የልጃቸው የግል ማኅደር ላይ አንድ የማይታወቅ ሰው በቀይ እስክሪብቶ «ጴንጤ» ብሎ ጽፎበታል። ጵርስቅላ ማኅደሮቹን ስታደራጅ አየችውና አልፋቀችውም። ከሥሩ በታይፕ «ፕሮቴስታንት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ» ብላ ሙሉ አድርጋ ጻፈችበት። ያልተሟላ መረጃ አትወድም።

በ1980 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እሷ የምትሠራበት የማንበቢያ መጻሕፍት ዝግጅት ክፍል ኮምፒውተር ተሰጠው። ክፍሉ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ለቆጠሩ ገበሬዎች በሐዲይኛና በከምባትኛ ትንንሽ መጻሕፍት ያዘጋጃል፤ ማሽኑም ከውጭ አገር የመጣ ልግሥና ነው። ከሣጥኑ ሲወጣ መስኮቱ ላይ የተኮለኮለው ሰው ግማሹ ቴሌቪዥን መስሎት ዜና እስኪጀምር ጠበቀ። ዜናው ሲቀር ተበሳጭቶ ሄደ።

በማሽኑ ውስጥ ያለው የጽሑፍ ፕሮግራም የፈረንጅ ነው፤ ከላቲን ፊደል ሌላ አያውቅም። ማሽኑን ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው አክሊሉ የሚባል ወጣት ባለሙያ ግን በገዛ እጁ የሠራውን ተጨማሪ ፕሮግራም አብሮ አመጣ። ያ ተጨማሪ በፈረንጁ ፕሮግራም ላይ ሲጫን በስክሪኑ ግርጌ ስድስት ትእዛዞች በአማርኛ ይሰለፋሉ፦ ጻፍ፣ ሰርዝ፣ አስተካክል፣ ፈልግ፣ አስቀምጥ፣ አትም። የአንዱን ቁልፍ መንካት ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሐዲይኛውንም ከምባትኛውንም በግዕዝ ፊደል ቁልጭ አድርጎ ይጽፋል። አክሊሉ ሦስት ሳምንት አስተማረ። ጵርስቅላ ሦስቱንም ሳምንት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዛ ከጎኑ አልጠፋችም፤ የነካውን ቁልፍ ሁሉ በየቀኑ እየመዘገበች፣ ሲያስነጥስ ብቻ እያለፈች።

በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር አይጠፋውም፤ ንብረት ያለ ተረካቢ አይኖርም። ኮምፒውተሩ በንብረት ክፍል ሠራተኛው በጋሼ ዳኘ ስም ተመዘገበ። ጋሼ ዳኘ ፈርመው ስለተረከቡ የሚያበሩትም የሚያጠፉትም እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያውም በቀን አንድ ጊዜ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉን ይከፍታሉ፣ ባለቤታቸው የሠሩለትን ዳንቴል ከማሽኑ ላይ ያነሣሉ፣ ያበራሉ፣ ማሽኑ የሚጠይቀውን ይሞላሉ፣ ፕሮግራሙን ይጭናሉ፣ ከዚያ መዝገቡ ላይ «በሰላም በርቷል» ብለው ይፈርማሉ። ጵርስቅላ የምትገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በርቶ ትረከባለች፣ እንደበራ ታስረክባለች። የእግዜር ቁጣ ካልመጣ በስተቀር ይህን ሥርዓት የሚያፈርስ አልነበረም።

እስከ የካቲት መጨረሻ ሁሉም ደኅና ነበር። መጋቢት 5 ቀን ሰኞ ጠዋት ግን ጵርስቅላ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ የስክሪኑ ግርጌ ባዶ ነው። ስድስቱም ትእዛዞች የሉም። ቁልፉን ስትነካ ማሽኑ አንድ ጊዜ ጢጥ ይልና ዝም ይላል። እጇ ላይ ያለው ሥራ ስለ ምንጭ ውሃ አያያዝ በከምባትኛ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነበር፤ አርባ ሁለት ገጽ፣ አሥራ ስምንቱ ያለቀ። በሚያዝያ ዱራሜና አንጋጫ መድረስ አለበት።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ዲስኩን ነው። አክሊሉ መጠባበቂያ ብሎ የተወላትን አውጥታ ቀየረች፤ ያው ነው። ተጨማሪው ፕሮግራም ተሰርዞ እንደሆነ ብላ ዲስኩ ውስጥ ያለውን ዝርዝር አወጣች፤ ስሙም መጠኑም በደብተሯ ከመዘገበችው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ አልጠፋም፤ እያለ ነው እንቢ ያለው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ይሆናል ብላ የመሥሪያ ቤቱ ጄኔሬተር ባለሙያ እንዲያይላት አደረገች፤ ኃይሉ ደኅና ነው። አቧራ ይሆናል ተባለና ተጠረገ። የኪቦርዱ ቁልፎች እንዳልታመሙ ለማወቅ በላቲን ፊደል የአባቷን፣ የእናቷንና የስድስት እኅት ወንድሞቿን ስም ጻፈች፤ አንድ ፊደል ሳያጎድል ጻፈላት። ማሽኑ ጤነኛ ነው። ታዲያ ትእዛዞቹ የት ገቡ?

አዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። አክሊሉ ለስድስት ወር ሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ሄዷል ተባለ። ከእሱ በቀር ያንን ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። የእጅ ታይፕ ስጡኝና በማባዣው ስቴንስል ወረቀት ላይ ልምታው ብትል፣ የነበረችው አንዲት የእጅ ታይፕ ኮምፒውተር ከመጣ ምን ትሠራለች ተብላ ዳምቦያ ተልካለች።

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ኃይለመለኮት ናቸው። ከሰሜን በሹመት የመጡ፣ ክራባታቸው የማይዛነፍ ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩን አንድ ቀን እንኳ ነክተውት አያውቁም፤ ሪፖርት ሲያስጽፉ ግን «በዘመናዊ ቴክኖሎጂ በመታገዝ» የሚለውን ሐረግ ሳያስገቡ አያልፉም። ቴክኖሎጂው በቆመ በሁለተኛው ሳምንት ከላይ ጥያቄ መምጣት ጀመረ። ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ መልስ የሚሆን ሰው መገኘት አለበት። ጓድ ኃይለመለኮት ማኅደሮቹን አገላብጠው ቀይ እስክሪብቶ የነካውን መረጡ።

በእጃቸው የጻፉት ክስ አንድ ገጽ ነው። ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፤ ታይፒስቷ በሃይማኖታዊ አመለካከቷ ምክንያት በዘመቻው ላይ አሻጥር ፈጽማለች። ዛሬ ላይ ሆኖ አሻጥር የሚለው ቃል ተራ ቃል ይመስላል። ያኔ ግን ይህ ቃል ስሙ ላይ የተለጠፈበት ሰው ከሥራው ብቻ ሳይሆን ከቤቱም ይጠፋ ነበር። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መጋቢት 22 ቀን ሐሙስ እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ ጵርስቅላ እስከዚያ ድረስ ማሽኑ ለምን እንደቆመ ማስረዳት ካልቻለች ትባረራለች፣ ጉዳይዋም ለደኅንነት ይተላለፋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል የአገራችን ሰው፤ እዚህ ግን አይጡ ማን እንደሆነ እንኳ ገና አልታወቀም።

ረቡዕ ጠዋት ጓድ ኃይለመለኮት ቢሯቸው አስጠሯትና በሩን ዘጉ። ድምፃቸው የለሰለሰ ነበር። አንድ ወረቀት አቀረቡላት። ባለማወቅ ትክክል ያልሆነ ቁልፍ በመንካቴ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ የሚል ነው። ከፈረመች አሻጥር የሚለው ቀርቶ ቸልተኝነት ይባላል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣትና ነገሩ እዚያው ያልቃል። እንደ ወንድም ነው የምመክርሽ አሏት።

ጵርስቅላ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። ፈርታ ነበር፤ አልፈራችም የሚል ካለ ያን ዘመን አያውቀውም። ወረቀቱን ግን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ማሽኑ አልተበላሸም፣ ጓድ። ያላበላሸሁትን አበላሸሁ ብዬ አልፈርምም» አለች።

«ታዲያ ካልተበላሸ ለምን አይሠራም?»

«እሱን አላወቅሁም። አለማወቄን ግን ጥፋት ነው ብለው አያስፈርሙኝም።»

ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ፤ ከሐዘን ይልቅ የንዴት ነበር። ሁሉንም ሞክራለች፣ ከደብተሯ ያልተገለጠ ገጽ የለም። ምን ቀረኝ እያለች ስታሰላስል ድንገት የአገሯ ሽማግሌዎች ነገር የሚሰሙበት መንገድ ትዝ አላት።

ዶዮገና ሽማግሌዎች ፊት የሚቆም ከሳሽ ከመሃል አይጀምርም። «በሬዬን መታብኝ» ብሎ የተነሣን ሰው ያስቆሙታል፤ መጀመሪያ ከቤትህ የወጣህበትን በር ንገረን ይሉታል። ሰውየው ጠዋት ስንት ሰዓት እንደተነሣ፣ ማንን ሰላም እንዳለ፣ በየትኛው አጥር በኩል እንዳለፈ ይዘረዝራል። ከተሜ ቢሰማ ይሰለቻል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ የሚተርት ሁሉ ግን እንደ ዶዮገና ሽማግሌ ሥሩ ድረስ አይወርድም። አባቷ ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ፤ ከአሥር ጠብ የዘጠኙ ሥር በሬው ከመመታቱ በፊት ባለው ውስጥ ይገኛል ይሉ ነበር።

እሷ ደግሞ አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ከመሃል ስትጀምር ኖራለች። ወንበሯ ላይ ከተቀመጠችበት ሰዓት ጀምሮ ያለውን ፈትሻለች። ከመቀመጧ በፊት ያለው ግን በጋሼ ዳኘ እጅ ነው፤ አንድ ቀንም አይታው አታውቅም።

ጋሼ ዳኘ ንብረት ክፍል ተቀምጠው የቀለም ጠርሙስ ሲቆጥሩ አገኘቻቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ጥላቸውንም ያስፈርሙታል የሚባሉ ፈሪ ናቸው። ጠዋት ማሽኑን ሲያበሩ የሚያደርጉትን ሁሉ ከቁልፉ ጀምረው እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኔን ልትከሺኝ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

አለመሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለችላቸው። መሐላ አትወድም፤ የዚያን ቀን ግን ማለች። እሳቸውም ቀስ እያሉ ጀመሩ። በሩን እከፍታለሁ፣ ዳንቴሉን አነሣለሁ፣ አጣጥፌ ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ፣ በስተቀኝ ያለውን ማብሪያ እጫናለሁ፣ ቆጥሬ እስከ ሠላሳ እጠብቃለሁ፣ ማሽኑ ቀን ይጠይቀኛል፣ ቀኑን እሞላለሁ፣ ከዚያ ፕሮግራሙን...

እዚህ ላይ አስቆመቻቸው። የትኛውን ቀን እንደሚሞሉ ጠየቀቻቸው።

«የኛን ነዋ» አሉ ጋሼ ዳኘ። «ዛሬ ሰባተኛው ወር፣ ሃያ አንድ፣ ሰማንያ ብዬ ሞላሁ። ዱሮ በአክሊሉ ትምህርት የፈረንጁን ነበር የምሞላው። ጓድ ናቸው እንዳልሞላ ያዘዙኝ።»

መቼ እንዳዘዟቸው ስትጠይቃቸው መዝገባቸውን ገልጠው በጣታቸው አሳዩዋት። መጋቢት 5፣ ሰኞ ጠዋት።

የትእዛዙ ምክንያት ራሱ ያስቃል፤ ለሚስቅ ሰው። በየካቲት መጨረሻ ከኮምፒውተሩ የወጣ አንድ ሪፖርት አናቱ ላይ ማሽኑ ከራሱ የጻፈውን የፈረንጅ ቀን እንደያዘ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ፤ መጨረሻው 88 የሚል ነው። እዚያ ያለ አንድ ባለሥልጣን እኛ በ1980 ላይ ነን፣ እናንተ ያለ እኛ 88 ገባችሁ ወይ ብሎ በጎኑ ላይ ጽፎ መለሰው። ጓድ ኃይለመለኮት ይህን ፌዝ ሲያነቡ ደማቸው ፈላ። ማሽኑ የአብዮታዊት ኢትዮጵያን ዘመን ይወቅ ብለው ጋሼ ዳኘን በቃል አዘዙ። ማሽኑ የተሰጠውን ቀን ተቀበለ፤ 1980 በፈረንጁም አቆጣጠር ያለ ዓመት ነው። ማንም ሌላ ነገር አልጠረጠረም።

ጵርስቅላ ደብተሯን ገለጠች። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው መስመር፦ «ኅዳር 20። አቶ አክሊሉ መጀመሪያ ቀን ሞሉ። 11-30-87።» ጋሼ ዳኘን አሁኑኑ አጥፍተው በፈረንጁ ቀን እንዲያበሩት ለመነቻቸው። እሳቸው ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። ደንቡ በቀን አንድ ጊዜ ይላል፤ ከታዘዘው ቀን ሌላ ቢሞሉና አንድ ነገር ቢሆን ሦስት ልጆቻቸው ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ሁለት ጊዜ ለመነቻቸው፣ ሁለት ጊዜ እንቢ አሉ። አልተቆጣቻቸውም። ያላየችውን ነገር እንዳየች አድርጋ ሐሙስ ኮሚቴ ፊት መቆም ብቻ ቀራት።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተቀመጠ። በሰብሳቢነት ከፓርቲው የመጡት ጓድ ተክለጊዮርጊስ፣ ከሴቶች ማኅበር ጓድ ትርፊት፣ እና ራሳቸው ከሳሹ ጓድ ኃይለመለኮት ናቸው። ከሳሽ እንዴት ዳኛ ይሆናል ብሎ የጠየቀ የለም። ክሱ ተነበበ። ጵርስቅላ የምትለው እንዳለ ተጠየቀች።

ከመናገሯ በፊት ማሽኑን አብረው እንዲያዩ ጠየቀች። ጓድ ኃይለመለኮት ጊዜ ማባከን ነው አሉ። ጓድ ተክለጊዮርጊስ ግን ኮምፒውተር በቅርብ አይተው አያውቁም ነበርና ለማየት ጓጉተው ተነሡ። ሁሉም ወደ ማሽኑ ክፍል ሄዱ። ጋሼ ዳኘ በሰብሳቢው ፈቃድ ማሽኑን አጠፉና እንደየዕለቱ አድርገው አበሩት፤ ሰባት፣ ሃያ ሁለት፣ ሰማንያ። ፕሮግራሙ ተጫነ። ግርጌው ባዶ ነው። ቁልፉን ስትነካው ጢጥ አለ።

«ይኸው» አሉ ጓድ ኃይለመለኮት።

ጵርስቅላ አንድ ጊዜ ደግመው እንዲያጠፉትና እንዲያበሩት ጋሼ ዳኘን ጠየቀች፤ የሚሞሉትን ቀን እሷ ትነግራቸዋለች። ማሽኑ ተነሥቶ ቀን ጠየቀ። ሦስት፣ ሠላሳ አንድ፣ ሰማንያ ስምንት አለቻቸው። የጋሼ ዳኘ ጣት አየር ላይ ቀረ።

«የፈረንጅ ቀን እዚህ ማሽን ላይ እንዳይሞላ ተከልክሏል» አሉ ጓድ ኃይለመለኮት።

ጓድ ተክለጊዮርጊስ ዞር ብለው አዩዋቸው፤ ማን እንደከለከለም ጠየቁ። ኃላፊው መመሪያ ነው ብለው ጀመሩና የማን መመሪያ እንደሆነ ሳይጨርሱ አቆሙ። ሰብሳቢው ለጋሼ ዳኘ ይሙሉት አሉ። ተሞላ። ጵርስቅላ በልቧ ትጸልይ ነበር፤ ካልሆነ የመጨረሻ ቀኗ እንደሆነ ታውቃለች። ፕሮግራሙ መጫን ጀመረ፣ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ከስክሪኑ ግርጌ በስተግራ «ጻፍ» የሚለው ብቅ አለ። ቀጥሎ ሰርዝ፣ አስተካክል፣ ፈልግ፣ አስቀምጥ፣ አትም። ጓድ ትርፊት ሳያስቡት አጨበጨቡ።

ጵርስቅላ እጇን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ ቆመች።

«ይህን ፕሮግራም አቶ አክሊሉ የሠሩት በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ ሰማንያ ነው አልነው፤ ለእሱ ከመሠራቱ ሰባት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ገና አልተወለድኩም ብሎ ዝም አለ። እኔም አላበላሸሁም፣ ማሽኑም አልተበላሸም። ለማሽኑ የፈረንጁን ቀን እንሙላለት፣ ደብዳቤያችን ላይ የኛን ቀን እኔ በእጄ እጽፋለሁ። ሌላ ነገር የለውም።»

ወደ ስብሰባው ተመለሱ። ጓድ ተክለጊዮርጊስ ደስ ብሏቸዋል፤ ማሽኑ ሠርቷል፣ ለላይ የሚላክ ጥሩ ዜና ተገኝቷል። የቃለ ጉባኤውን ፍሬ ነገር እዚያው በቃል አስያዙ፦ ምክንያቱ ባልታወቀ ብልሽት ቆሞ የነበረው ኮምፒውተር በኃላፊው የቅርብ ክትትል ተስተካክሏል፤ በታይፒስቷ ላይ የቀረበው ክስ ተነሥቷል። ማንም አልተጎዳም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት የለመደ ሰው፣ ዳውላውንም ሳይመታ ሲቀር ትልቅ ደግነት ይመስለዋል። ጵርስቅላ ጽፋ እንድታመጣ ወረቀቱ ተሰጣት።

እሷ ግን አልተነሣችም። ምክንያቱ ታውቋል አለች።

ጓድ ኃይለመለኮት ክሱ ተነሥቶልሽ የለም ወይ፣ ምን ቀረሽ ብለው ተቆጡ።

«ከእኔ ላይ ተነሥቷል» አለች። «ምክንያቱ አልታወቀም ተብሎ ከተጻፈ ግን ነገ አንድ ሰው ይጠየቅበታል። ማሽኑ በማን ስም ነው የተመዘገበው?»

ሁሉም በር ላይ የቆሙትን ጋሼ ዳኘን አዩ። ጋሼ ዳኘ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ። ትናንት በለመነቻቸው ጊዜ እንቢ ያሏት እኚህ ሰው ናቸው።

ወደ ማሽኑ ሄደች። ያየችውን እንዳየችው ጻፈች፤ ማን ምን እንዳለ፣ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደበራ፣ በስተመጨረሻም እንዲህ የሚል መስመር፦ «የችግሩ ምክንያት መጋቢት 5 ቀን 1980 ዓ.ም. የክፍሉ ኃላፊ በቃል የሰጡት ትእዛዝ ነው። የንብረት ተረካቢው ትእዛዙን ፈጽመዋል።» አስተካክል፣ አስቀምጥ፣ አትም። በሦስት ቅጂ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጮክ ብላ አነበበችው።

ማንም እስክሪብቶ አላነሣም። ጵርስቅላ ራሷ አነሣችና እንደ ጸሐፊ ከግርጌው ፈረመች፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው መሃል መልሳ አስቀመጠች።

ጋሼ ዳኘ ከበሩ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ኮፍያቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና እስክሪብቶውን አነሡ፤ ሁለት ጊዜ ጀምረው በሦስተኛው ፈረሙ። ከዚያ በቀሩት ሁለት ቅጂዎች ላይም ደገሙት። «እንደዚህ ነው የሆነው» አሉ። ጓድ ትርፊት ቀጠሉ። ጓድ ተክለጊዮርጊስ ጥቂት አሰቡና እሳቸውም ፈረሙ፤ በገዛ ዓይናቸው ያዩትን ነገር አላየሁም ማለት ከበዳቸው። የጓድ ኃይለመለኮት ስም ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ።

በሚቀጥለው ጠዋት ጋሼ ዳኘ የፈረንጁን ቀን ሞልተው ማሽኑን አስረከቧት። የምንጭ ውሃው መጽሐፍ ሚያዝያ ሳያልቅ አርባ ሁለቱም ገጽ ታትሞ ወደ ዱራሜና አንጋጫ ተጫነ። ስለ አሻጥር ያወራ ሰው አልነበረም። ጓድ ኃይለመለኮት ግን ያን ባዶ ቦታ አልረሱትም። ግንቦት ላይ አንድ ረቂቅ ደብዳቤ በተላላኪ ላኩላት፤ ጵርስቅላ ኤሊያስ ለሥራው ፍላጎት ሲባል ወደ ሙዱላ ተዛውራለች ይላል። ራሷ ጽፋ እንድታመጣላቸው ነው። ሙዱላ ላይ መብራት የለም፣ ኮምፒውተርም የለም።

ረቂቁን ይዛ ቢሯቸው ገባች። መሄዱን እንደማትጠላ ነገረቻቸው፤ ሙዱላም ሰው ያለበት አገር ነው። ደብዳቤውን ግን የምትጽፈው የዝውውሩ ምክንያት በትክክል ከተጻፈ ብቻ ነው። ምክንያቱን እሳቸውም ያውቁታል፣ እሷም ታውቀዋለች። ጓድ ኃይለመለኮት ጮኹ፣ ጠረጴዛ መቱ፣ ሌላ ታይፒስት አስፈለጉ። ያን ማሽን የሚያውቅ ሌላ ሰው በክፍሉ አልነበረም። ሦስት ቀን ጠብቀው ደብዳቤውን በእጃቸው ጻፉት።

ጵርስቅላ ዕቃዋን ጭና ሙዱላ ገባች። የዚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ደብዳቤውን ተቀብለው አገላበጡት፣ ማኅተሙን አዩ፣ የእጅ ጽሑፉን አዩ። ሆሳዕና ኮምፒውተር ገባ ሲባል ሰምተናል፣ ተበላሸ እንዴ ብለው ጠየቋት።

«ኮምፒውተሩ ደኅና ነው» አለቻቸው። «አልጽፍም ያልኩት እኔ ነኝ።»